ያውቁ ኖሯል? ከድሬዳዋ እስከ አሜሪካ ሊግ
የእግር ኳስ አማካዩ ፉአድ ኢብራሂም እ.ኤ.አ. በ1991 የተወለደው በድሬዳዋ ነው። ያደገው ግን በአሜሪካዋ ሚኒሶታ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 የአሜሪካው ክለብ ኤፍሲ ዳላስ በሊጉ ዓመታዊ የተጫዋቾች ምርጫ ሲወስደው ገና የ15 ዓመት ልጅ ነበር፤ እስከዚያ ድረስ በዕድሜ ከእርሱ አንሶ የተመረጠው ፍሬዲ አዱ ብቻ ነበር! ከዳላስ ወደ ቶሮንቶ ተዛወረ፤ ቆይቶም ለሚኒሶታ ተጫወተ። በየክለቡ እንደ አዲስ ራስን ማስመስከር ከባድ ነው፤ ይህ ጽናት ብዙም አይነገርለትም። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን ዋልያዎቹ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ሲመለሱ፣ እ.ኤ.አ. በ2013 ወደ ደቡብ አፍሪካ ከተጓዙት 23 ተጫዋቾች አንዱ እርሱ ነበር።