ያ ሁሉ ወግ የት ገባ?

ከአዳማ እስከ ሻሸመኔ በየኢንተርኔት ቤቱ ወረፋ ይዘን፣ በደቂቃ እየከፈልን፣ ጅዳና ሪያድ ካሉ እህት ወንድሞቻችን ጋር በያሁ ሜሴንጀር ያወጋንበትን ጊዜ ታስታውሳላችሁን? መስመሩ ቢቋረጥም ሂሳቡ አይቋረጥም ነበር።

ፊደል ያልቆጠሩ እናቶቻችንን አጠገባችን አስቀምጠን እነርሱ ሲናገሩ እኛ እንጽፍ ነበር፦ «ልጄ፣ ጾሙ ከበደሽ ወይ?» የምንጽፈውም በላቲን ፊደል ነው። ኢንተርኔት እ.ኤ.አ. በ1997 ለአገራችን ሳይከፈት በፊት፣ በውጭ የነበሩ ወገኖቻችን በኢሜይል ቡድኖች ሲወያዩ እንዲሁ ይጽፉ ነበር። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው የዓለም የኮምፒውተር ፊደላት ሠንጠረዥ የገባው በ1999 ነውና። «ጠ» እና «ተ» በላቲን አንድ ስለሆኑ «አባትሽ መጣ» ያልነው «አባትሽ መታ» ተብሎ ተነቦ ስንቷን አስደንግጧል!

ኋላ ሰው ሁሉ ወደ ፌስቡክና ቴሌግራም ነጎደ። ያሁም የሕዝብ መወያያ ክፍሎቹን እ.ኤ.አ. በ2012፣ ሜሴንጀሩን በጁላይ 2018፣ የኢሜይል ቡድኖቹን በዲሴምበር 2020 ዘጋ። ሜሴንጀሩ ሲዘጋ የቀድሞ ወጋችንን እንድንወስድ 6 ወር ሰጥቶን ነበር። እኛ ግን የይለፍ ቃሉን እንኳ ረስተነው ነበር።

ከእነዚያ እናቶች ዛሬ በሕይወት የሌሉ አሉ፤ አላህ ይዘንላቸው። በወረቀት የተጻፈ ደብዳቤ ቢሆን ከሣጥን ይገኝ ነበር። እናቷን በስደት ሳለች ያጣች አንዲት እህታችን ከጅዳ ስትመለስ የጠየቀችን ያንኑ ጽሑፍ ነበር፤ የምንሰጣት አልነበረንም።