ሪፈር ወረቀቱ ላይ ምን ተጽፏል?

ከሱሉልታ ጤና ጣቢያ ወደ አዲስ አበባ ሪፈር ሲጻፍልዎ የሕመሙ ስም በእንግሊዝኛ ነው የሚሰፍረው። ስሙን ካወቁት ምን ያህል እንደሚያስቸኩልና ምን ወጪ እንደሚያመጣ ለመገመት ይቀልዎታል።

ወድቀው ከሆነስ? «ፍራክቸር» ስብራት ነው። «ዲስሎኬሽን» ውልቃት ነው፤ አጥንቱ ከመጋጠሚያው ወጥቷል። «ስፕሬን» ወለምታ ነው፤ አጥንትን ከአጥንት የሚያያይዘው ጅማት ተጎድቷል። ሦስቱም ያብጣሉ፣ ያምማሉ። አንዳንድ ጊዜ «ወለም ብሎኝ ነው» የተባለው ራጅ ሲነሣ ስብራት ሆኖ ይገኛል። ራጅ ደግሞ ርካሽ ከሚባሉት የምስል ምርመራዎች አንዱ ነው።

ወጌሻ ጋ ብሄድስ? አደጋው ያለው አጥብቆ ማሰሩ ላይ ነው። ከታሰረው በታች ያለውን ጥፍር ጫን አድርገው ይልቀቁ። የነጣው ቶሎ ካልቀላ፣ ጣቱ ከቀዘቀዘ ወይም ከደነዘዘ፣ ሕመሙም እየባሰ ከሄደ ማሰሪያውን ወዲያው ይፍቱ፤ ሆስፒታል ይሂዱ። ደም ያጣ ሥጋ በሰዓታት ውስጥ ይሞታል፤ ከዚያ በኋላ ያለው መቆረጥ ነው። ጀሶ ከሆነ የታሰረው፣ ሳይውሉ ሳያድሩ ወዳሰሩልዎ ይመለሱ።

መገጣጠሚያዬን ነው የሚያመኝ ካሉ፣ «አርትራይተስ» የመገጣጠሚያ ሕመምና እብጠት የጋራ መጠሪያ ነው። «ኦስቲዮአርትራይተስ» በአጥንት ጫፍ ላይ ያለው ለስላሳ ሽፋን ሲያልቅ ይመጣል፤ ጉልበትን ይወዳል። «ሩማቶይድ» የሰውነት መከላከያ የገዛ መገጣጠሚያን ሲያጠቃ ነው፤ ጠዋት ጣት አልታጠፍ ይላል። «ጋውት» ሪህ ነው፤ ብዙ ጊዜ ሌሊት በእግር አውራ ጣት ይጀምራል።

ወገብስ? «ዲስክ ሄርኒዬሽን» በአከርካሪ አጥንቶች መሃል ያለው ትራስ ወጥቶ ነርቭ ሲጫን ነው። ሕመሙ ወደ እግር ከወረደ «ሳያቲካ» ይባላል። አብዛኛው ሰው ያለ ቀዶ ሕክምና በሳምንታት ውስጥ ይሻለዋል። ስለዚህ ሐኪም ሳያዝዝ ውድ ወደሆነው የኤምአርአይ ምርመራ አይሩጡ። እግር ከዛለ፣ መቀመጫ አካባቢ ከደነዘዘ ወይም ሽንት አልቆጣጠር ካለ ግን በዚያኑ ቀን ሆስፒታል ይድረሱ።

«ፖትስ ዲዚዝ» የአከርካሪ ቲቢ ነው። የማይለቅ የጀርባ ሕመም፣ የሌሊት ላብና መክሳት ምልክቶቹ ናቸው። መድኃኒቱ በመንግሥት ጤና ተቋማት በነጻ ይሰጣል፤ ለብዙ ወራት ሳያቋርጡ መውሰድ ግን ግድ ነው።

«ብሩሴሎሲስ» ከከብት የሚተላለፍ በሽታ ነው። ሱሉልታ የወተት አገር ስለሆነች ይህን ስም ልብ ይበሉት። ሄድ መለስ የሚል ትኩሳትና የወገብ ወይም የመገጣጠሚያ ሕመም ያመጣል። ጥሬ ወተት የሚጠጡ ከሆነ ለሐኪሙ ሳይጠየቁ ይንገሩ፤ ቤትዎ ያለውንም አፍልተው ይጠጡ።

ሲሄዱ የድሮውን ራጅ ይያዙ፤ ሁለተኛ ከመክፈል ሊያድንዎ ይችላል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ካለዎት መታወቂያውንና ሪፈሩን አይርሱ። ጤና ጣቢያውን ዘለው ከሄዱ ወጪው እርስዎ ላይ ሊወድቅ ይችላል።