የርካሽ ስልኮች ፈርምዌር፦ ምንነቱና «ፍላሽ» ሲደረግ የሚወሰዱ ጥንቃቄዎች



ሞባይል ስልክ ዛሬ የእርሻ መሣሪያ ሆኗል። የስንዴ ዋጋ የምንጠይቀው፣ ኮምባይነር የምንጠራው፣ ዋግ ሲታይ ለልማት ሠራተኛ የምናሳውቀው በስልክ ነው። በ2006 ዓ.ም. የተጀመረው የ8028 ነፃ የግብርና መረጃ መስመርም የሚደርሰን በዚሁ ነው። በጎሮ በብዙዎቻችን እጅ ያለው ግን አምራቹ የማይታወቅ ርካሽ ስልክ ነው። በአጨዳ ሰሞን ሲበላሽ ጠጋኙ ብዙ ጊዜ «ፍላሽ ይደረግ» ይላል። ከመስማማታችን በፊት ትርጉሙን እንወቅ።

1. ፈርምዌር ምንድን ነው?

በሬ ጉልበት ቢኖረውም ካልተገራ አያርስም። የስልኩ ባትሪ፣ ስክሪንና ሰሌዳ እንደ በሬው አካል ናቸው፤ ፈርምዌር ደግሞ ስልኩን የሚገራው፣ በፋብሪካ የተጫነበት መሠረታዊ ፕሮግራም ነው። ፍላሽ ማድረግ ማለት ይህን ፕሮግራም አጥፍቶ እንደገና መጫን ነው።

2. ፍላሽ የሚያስፈልገው መቼ ነው?

ስልኩ ሲበራ አርማው ላይ ቆሞ ከቀረ ወይም እየጠፋ እየበራ ካስቸገረ ፈርምዌሩ ተበላሽቶ ሊሆን ይችላል። ይሁን እንጂ ያበጠ ባትሪም ተመሳሳይ ምልክት ያሳያል። ስለዚህ አስቀድሞ በሌላ ባትሪና በሌላ ቻርጀር ይሞከር። ስልኩ የሚዘገየው ማህደሩ ስለሞላ ከሆነ የማይፈለጉ ፎቶዎችንና ቪዲዮዎችን መሰረዝ ይበቃል። ውኃ የገባበትን ወይም ሰሌዳው የተቃጠለን ስልክ ፍላሽ አያድነውም።

3. ሪሴትና ፍላሽ ይለያያሉ

ሪሴት ባለቤቱ ያስገባውን ያጠፋል እንጂ ፈርምዌሩን አይነካም። በ2012 ዓ.ም. አፕስትሪም የተባለ ኩባንያ በኢትዮጵያና በሌሎች የአፍሪካ አገሮች በተሸጡ ቴክኖ ደብልዩ 2 ስልኮች ላይ ከሽያጭ በፊት የተጫነ ጎጂ ፕሮግራም ማግኘቱን አስታውቋል። ፕሮግራሙ ባለቤቱ ሳያውቅ ክፍያ ባላቸው አገልግሎቶች ይመዘግበው ነበር፤ ሪሴትም አያጠፋውም ነበር። አምራቹ በበኩሉ ችግሩ የመጣው በአቅርቦት ሰንሰለቱ ውስጥ ካለ ሌላ ወገን ነው ብሏል። የሞላነው ካርድ ሳንደውል የሚያልቅ ከሆነ ይህንን እንጠርጥር።

4. ከፍላሽ በፊት

• ስልኩ የሚበራ ከሆነ *#06# ደውለን የሚወጣውን ባለ 15 አኃዝ የመሣሪያ ቁጥር በማስታወሻ ደብተር እንጻፍ።
• ስልክ ቁጥሮችን ወደ ሲም ካርድ እንገልብጥ፤ ዋና ዋናዎቹን በወረቀት እንጻፍ። በስልኩ ማህደር የቀረው ሁሉ ይጠፋል።
• ሲም ካርድና ሚሞሪ ካርድ እናውጣ። የቴሌብር ገንዘብ በስልኩ ውስጥ ስለማይቀመጥ በፍላሽ አይጠፋም፤ የሚስጥር ቁጥሩን ግን ለጠጋኝ አንስጥ።
• ጠጋኙ አዲስ ከመጫኑ በፊት ነባሩን ፈርምዌር ገልብጦ እንዲያስቀምጥ እንጠይቅ። በአንድ ዓይነት ከረጢት የተለያየ ዘር ሊኖር እንደሚችል ሁሉ፣ መልካቸው አንድ የሆነ ሁለት ስልኮችም ውስጣዊ ሰሌዳቸው ሊለያይ ይችላል። የአንዱ ፈርምዌር በሌላው ላይ ሲጫን ስክሪኑ ነጭ ሆኖ ሊቀር፣ ካሜራው ላይሠራ ወይም ስልኩ ጭራሽ ላይነሳ ይችላል። የተቀመጠ ግልባጭ ካለ መመለስ ይቻላል።
• ሥራው ተጀምሮ ኃይል ከተቋረጠ ስልኩ ሊሞት ስለሚችል ባትሪው በቂ ኃይል ይኑረው።

5. ከፍላሽ በኋላ

ገንዘብ ከመክፈላችን በፊት እዚያው እንፈትሽ፦ *#06# ደውለን ቁጥሩ ከጻፍነው ጋር መመሳሰሉን እናረጋግጥ። ቁጥሩ ከጠፋ ወይም ከተለወጠ ስልኩ ኔትወርክ ላይ ላይመዘገብ ይችላል። ከዚያ ወደ 8028 ደውለን ድምፅ መስማታችንን፣ ቁልፎቹ፣ ራዲዮውና ቻርጅ አቀባበሉ መሥራታቸውን እንይ።

የቡድን ሥራ፦ እያንዳንዱ የልማት ቡድን መሪ ወደ ቀበሌው ሲመለስ የአባላቱን የመሣሪያ ቁጥርና አስፈላጊ ስልክ ቁጥሮች በአንድ ደብተር ይመዝግብ። ስልኩ ከሞተ በኋላ እነዚህን ማግኘት ያስቸግራል።