ቤተሰቡንም ካራቫኑንም የሚችል መኪና

በሰኔ አጋማሽ ስዊድናውያን የበጋ በዓላቸውን ገጠር ሊያሳልፉ ከተማውን ለቀው ሲወጡ፣ ከስቶክሆልም ወደ ሰሜን በሚሄደው ኢ4 አውራ ጎዳና ላይ አንድ ዓይነት መኪና ተደጋግሞ ይታያል። ጣሪያው ሳይሰበር እስከ ኋላ መስታወት ይዘልቃል፤ ከኋላው ነጭ ካራቫን፣ ማለትም በመኪና የሚጎተት ባለ ጎማ ቤት፣ ይጎትታል። ውስጡ ልጆች፣ ከልጆቹ ጀርባ ውሻ፣ ጣሪያው ላይ ብስክሌት። በዓሉ ካለፈ በኋላ ያው መኪና ካራቫኑን ፈትቶ የሕፃናት መዋያ በር ላይ ይቆማል።

ስቴሽን ዋገን ነው። አገር ቤት ይህ ስም በጨረታ ማስታወቂያ ላይ ሲነበብ ብዙ ሰው የሚታየው ላንድክሩዘር ስለሆነ፣ እዚህ የምናወራው ከቤት መኪና ከፍታ ስለማይበልጠው፣ ኋላው ስለረዘመው ዓይነት መሆኑን ልብ ይሏል። ተሳቢም እኛ ዘንድ የጂቡቲ መንገድ ከባድ መኪና ጉዳይ እንጂ የቤተሰብ አይደለም። ስዊድን ውስጥ ግን ነዳጅ ማደያው ትንሽ ተሳቢ ያከራያል፤ ሶፋ የገዛ፣ ቤት የቀየረ፣ የጓሮ ቅርንጫፍ የሚጥል ሁሉ መኪናው ላይ ቀጥሎ ይሄዳል። ለክርስትና ድንኳንና ወንበር የሚያመላልሰው ሀበሻም ይዋል ይደር እንጂ መጎተቻ ያለው መኪና ማፈላለጉ አይቀርም።

ለዚህ ጽሑፍ ማሳያ የመረጥኩት ቮልቮ ቪ70ን ነው። በዓለም ምርጡ ስለሆነ አይደለም። ለብዙ ዓመታት በስዊድን ከሁሉ በላይ ከሚሸጡት መኪኖች አንዱ ስለነበር ያገለገለው እንደ ልብ ይገኛል፤ መለዋወጫው አይቸግርም፤ በሽታውንም መካኒኩ ሁሉ ያውቀዋል። ያገለገለ መኪና ለሚገዛ ሰው በሽታው የታወቀ መኪና ትልቅ ነገር ነው።

ዘሩ የሚጀምረው በ1953 እ.ኤ.አ. ከወጣው ቮልቮ ዱየት ነው። ያኔ ሐሳቡ በሥራ ቀን ዕቃ፣ በእረፍት ቀን ቤተሰብ የሚጭን አንድ መኪና መሥራት ነበር። ቀጥሎ 145 መጣ፤ ከዚያም ከ1974 እስከ 1993 የተመረተውና ማዕዘኑ ሁሉ በማስመሪያ የተሰመረ የሚመስለው 240። በ1994 ደግሞ ኩባንያው ማንም ያልጠበቀውን አደረገ፤ 850 የተባለውን ስቴሽን ዋገን በብሪታንያ የመኪኖች ውድድር ላይ አሰለፈው። ሪካርድ ሪዴልና ያን ላመርስ የነዱት ይህ የዕቃ መጫኛ ዋንጫ አላመጣም፤ ወሬው ግን እስካሁን አልበረደም። ቪ70 የ850 ልጅ ሲሆን በሦስት ትውልድ እስከ 2016 ተመረተ። ዛሬ ገበያ ላይ የሚገኙት በአብዛኛው ከ2000 እስከ 2007 የተሠራው ሁለተኛውና ከ2007 ወዲህ ያለው ሦስተኛው ናቸው።

ገዢው ማስታወቂያ ሲከፍት መጀመሪያ ዓይኑ የሚያርፈው የፈረስ ጉልበቱ ላይ ነው። እኔ መጨረሻ ላይ ይታይ ባይ ነኝ። መጎተት በቅድሚያ የክብደት ጉዳይ ነው፤ ክብደቱ ደግሞ ሊብሬው ላይ ተጽፏል። ሊብሬው መኪናው ከነጭነቱ ሊደርስ የሚችለውን ጠቅላላ ክብደትና ሊጎትት የሚፈቀድለትን ትልቁን ተሳቢ ይናገራል። ቪ70 እንደ ሞተሩና እንደ ዘመኑ ይለያይ እንጂ ብዙዎቹ ፍሬን ያለው ተሳቢ ከ1,500 እስከ 1,800 ኪሎ ይጎትታሉ። ፍሬን የሌለው ትንሽ ተሳቢ ከሆነ ጣሪያው 750 ኪሎ ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው መንጃ ፈቃዱ ነው፤ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ተራው ቢ መንጃ ፈቃድ እስከ 750 ኪሎ ጠቅላላ ክብደት ያለውን ተሳቢ ያለ ጥያቄ ያስጎትታል። ተሳቢው ከዚያ ከበለጠ የመኪናውና የተሳቢው ጠቅላላ ክብደት ተደምሮ ከ3,500 ኪሎ ማለፍ የለበትም። ጠቅላላ ክብደቱ 2,150 ኪሎ የሆነ መኪና 1,300 ኪሎ ካራቫን ቢጎትት ድምሩ 3,450 ነው፤ ያልፋል። ካራቫኑ 1,500 ኪሎ ከሆነ ግን 3,650 ይመጣል። ያኔ መኪናው ቢችል እንኳ ነጂው አይፈቀድለትም፤ እስከ 4,250 ኪሎ የሚያስኬደውን ቢ96 የሚባለውን ማስፋፊያ ማውጣት ይኖርበታል። ለመንጃ ፈቃዱ የሚቆጠረው ሊብሬው ላይ የተመዘገበው ጠቅላላ ክብደት እንጂ በዕለቱ የተጫነው አይደለም። ስለዚህ ካራቫኑ ባዶውን ቢሄድም ሒሳቡ ያው ነው። የስዊድን ትራንስፖርት ባለሥልጣን የመኪናውንና የተሳቢውን ሰሌዳ ቁጥር አስገብተው የትኛው መንጃ ፈቃድ እንደሚያስፈልግ የሚያዩበት ማስያ በድረ ገጹ ላይ አለው፤ ቀብድ ከመክፈል በፊት እሱን ማየት ነው።

ሕግ የፈቀደው ሁሉ ደግሞ ይመከራል ማለት አይደለም። እንግሊዝ አገር ለጀማሪ ጎታች የሚሰጠው ምክር የተጫነው ካራቫን ከመኪናው የባዶ ክብደት 85 በመቶ እንዳያልፍ ነው፤ መኪናው 1,600 ኪሎ ከሆነ ወደ 1,360 ኪሎ ማለት ነው። ግዴታ ባይሆንም የጎን ነፋስ ሲመታ ልዩነቱ ይታወቃል።

አሜሪካ ያለ አንባቢ ያንኑ ቪ70 እዚያ 1,500 ኪሎ ያህል ብቻ እንዲጎትት እንደተፈቀደለት አይቶ ግራ ሊገባው ይችላል። ብረቱ አንድ ነው፤ የሚለየው አጎታተቱ ነው። አሜሪካኖች ከተሳቢው ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶ የሚሆነውን በመኪናው መንጠቆ ላይ ያሳርፋሉ፤ ፍጥነታቸውም በብዙ ስቴቶች ከሌላው መኪና እኩል ነው። ስዊድን ውስጥ ካራቫን የሚጎትት ከ80 ኪሎ ሜትር በሰዓት አያልፍም፤ መንጠቆው ላይ የሚያርፈውም ከ5 እስከ 7 በመቶ ገደማ ነው።

ክብደቱ ከታወቀ ቀጣዩ ጥያቄ ስለ ካራቫኑ ሳይሆን ስለ ሞተሩ ነው። መኪናው በዓመት ካራቫን የሚጎትትባቸው ቀናት ጥቂት ናቸው፤ የቀረውን ጊዜ ትምህርት ቤትና ገበያ ይመላለሳል። ናፍጣው ዲ5 ለመጎተት የተፈጠረ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ ከታች ጀምሮ ይስባል፣ ነዳጅ አይበላም። ችግሩ የጭስ ማጣሪያው ነው። ማጣሪያው ያጠራቀመውን ጥላሸት የሚያቃጥለው ጭሱ እስከ 600 ዲግሪ ገደማ ግሎ፣ መኪናው ለጥቂት ደቂቃዎች ሳይቋረጥ ሲሄድ ነው። ጠዋት አራት ኪሎ ሜትር ነድቶ ሞተር የሚያጠፋ ሰው ያን ዕድል አይሰጠውም፤ ማጣሪያው ይደፈናል፣ መብራቱ ይበራል፣ ሒሳቡም ከባድ ነው። ስለዚህ ሥራው ሩቅ ለሆነና በየቀኑ አውራ ጎዳና ለሚወጣ ሰው ናፍጣ እላለሁ። ከተማ ውስጥ ለሚሽከረከር ግን ቤንዚኑ አምስት ሲሊንደር ቱርቦ ይሻላል፤ ካራቫን ሲጎትት ሲሶና ከዚያም በላይ ተጨማሪ ነዳጅ ይጠጣል፣ ግን ለጥቂት ቀን ነው።

የከተማ ሕግም አለ። ስቶክሆልም ሆርንስጋታን በተባለው ጎዳና ላይ ዩሮ 6 የተባለውን የጭስ ደረጃ የማያሟላ የናፍጣ መኪና ከ2022 አጋማሽ ወዲህ አይገባም። ለንደን ከነሐሴ 2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በመላ ከተማዋ እንዲህ ያለውን ናፍጣ በቀን 12 ፓውንድ ከ50 ታስከፍላለች። ሽቱትጋርት ደግሞ ከ2019 ጀምሮ ዩሮ 4ንና ከዚያ በታች ያለውን ከልክላለች። ርካሽ ናፍጣ ሲገኝ ለምን እንደረከሰ መጠየቅ ደግ ነው።

አሁን ሻጩ ግቢ እንግባ። ማስታወቂያው 22,000 ሚል ሲል የስዊድን ሚል 10 ኪሎ ሜትር ነውና 220,000 ኪሎ ሜትር ሄዷል ማለት ነው፤ አዲስ መጤ ይህን ሳያውቅ የሚደሰትበት ጊዜ አለ። ለእነዚህ ሞተሮች ይህ ርቀት የሚያስደነግጥ አይደለም። የሚያስደነግጠው የታይሚንግ ቺንጋ መቼ እንደተቀየረ የሚያሳይ ደረሰኝ አለመኖሩ ነው። ቺንጋው ከተበጠሰ ቫልቮቹ ከፒስተኑ ጋር ይጋጫሉ፤ ከዚያ ቴስታታ ማውረድ ነው፣ ያውም ዕድለኛ ከሆኑ። ሻጩ «ተቀይሯል» ካለ ወረቀቱን ማየት፤ ከሌለ የቅያሪውን ዋጋ ከመኪናው ዋጋ ላይ መቀነስ።

ሻጩ አስቀድሞ ሞተሩን አሙቆ እንዳይጠብቅ መንገር ያስፈልጋል፤ አውቶማቲክ ካምቢዮ ጠባዩን የሚያሳየው ሲቀዘቅዝም ሲሞቅም ነው። ፍሬን ረግጦ ከማቆሚያ ወደ ኋላ ማርሽ ሲገባ መኪናው ደንገጥ ካለ፣ ወይም ሲነዳ ከሁለተኛ ወደ ሦስተኛ ሲያልፍ ሞተሩ ባዶውን ጮኾ ከዚያ ከተያዘ ካምቢዮው ደክሟል። በሁለተኛው ትውልድ ላይ የካምቢዮ ዘይት መለኪያ ዘንግ አለ። ነጭ ሶፍት ይዞ መጥረግ ነው፤ ቀላ ካለ ጥሩ፣ ቡናማ ከሆነ መቀየር አለበት፣ ጠቁሮ የመቃጠል ሽታ ካለው ያ መኪና ከባድ ካራቫን ዳገት ላይ ሲጎትት ኖሯል። በሦስተኛው ትውልድ ዘንጉ ስለቀረ ደረሰኙን መጠየቅ ብቻ ነው ያለው። የካምቢዮ ዘይት ዕድሜ ልክ ይቆያል የሚለውን ወሬ ተሳቢ የሚጎትት ሰው ባይሰማው ይመረጣል። ሙቀት ዘይቱን ያደክማል፤ መጎተት ደግሞ ሙቀት ነው።

ከዚያ ጎንበስ ብሎ የኋላውን ሾክ ማየት። አንዳንዶቹ ቪ70ዎች ኒቮማት የተባለ ሾክ አላቸው፤ ከተራው ወፈር ስለሚል ይታወቃል። አሠራሩ ደስ ይላል። የኤሌክትሪክ ፓምፕም ሆነ ቱቦ የለውም። ዕቃ ሲጫን የመኪናው ኋላ ይወርዳል፤ መኪናው ሲሄድ በመንገዱ ወጣ ገባ ሾኩ ከፍ ዝቅ ማለቱ ራሱ በውስጡ ያለውን ዘይት ወደ ከፍተኛ ግፊት ክፍል እየገፋ ኋላውን መልሶ ያነሳዋል። ለመፈተሽ ጓደኞችን ከኋላ መቀመጫ ማስቀመጥ፣ ዕቃ መጫኛውን በከባድ ነገር መሙላት፣ ከጎማው በላይ ያለውን ክፍተት በጣት መለካት፣ አንድ ሁለት ኪሎ ሜትር ነድቶ ተመልሶ እንደገና መለካት ነው። ክፍተቱ ካልሰፋ ሾኩ ሞቷል። አዲሱ ውድ ነው፤ በተራ ሾክ ልተካው ቢሉም ሞላው ለኒቮማት ተብሎ የላላ ስለሆነ አብሮ መቀየር አለበት።

መንጠቆውስ? የአውሮፓው ኳስ 50 ሚሊ ሜትር ነው፤ ተበልቶ ከ49 ከወረደ አይጎተትበትም። የኤሌክትሪክ መሰኪያውን ክዳን ከፍቶ አረንጓዴ ዝገት እንዳለ ማየት፤ ካራቫን ባለ 13 እግር መሰኪያ ይፈልጋል፣ ባለ 7 እግሩ ለትንሽ ተሳቢ ነው። ተነቃይ መንጠቆ ከሆነ ቁልፉ መኖሩን ማረጋገጥ። መንጠቆ የሌለው መኪና ሲገኝ ፊት ማዞር አያስፈልግም፤ ማስገጠም ይቻላል፣ ዕድሜውን ሙሉ ካራቫን ያልጎተተ ካምቢዮ ማግኘት ደግሞ ዕድል ነው።

ከሌሎቹ ጋር ላወዳድር ብል ጽሑፉ ይረዝማል። ስኮዳ ኦክታቪያ ሰፊና ቆጣቢ ነው፤ ባለ ሰባት ማርሹ ደረቅ ፍሪሲዮን አውቶማቲክ ግን በዝግታ ዳገት ላይ ስለሚግል ለመጎተት አልመርጠውም፤ ከጎተቱ አይቀር በእጅ ማርሹ። ሱባሩ በበረዶና በጭቃ ሜዳ ላይ ካራቫን ለማውጣት የሚያህለው የለም፤ አሮጌው 2.5 ሊትር ሞተር ግን በጋስኬቱ ይታማል። መርሴዲስ ይጎትታል፣ ያስከፍላልም።

መኪናው ከተገዛ በኋላ የቀረው አጫጫን ነው። መንጠቆው ላይ የሚያርፈው ጫና ለቪ70 አብዛኛውን ጊዜ እስከ 75 ኪሎ ነው። 1,200 ኪሎ ካራቫን ላይ 5 በመቶው 60 ኪሎ ስለሆነ ይበቃል፤ 1,500 ኪሎ ላይ ግን 5 በመቶው ራሱ 75 ነው፣ ገደቡ ላይ ደረሰ። የውኃ ጀሪካኑና የታሸገው ምግብ ከካራቫኑ ጎማ በላይ፣ ወለሉ ላይ ይቀመጣል። ብስክሌቱን ከካራቫኑ ጀርባ መስቀል አፍንጫውን ያቀለዋል፤ አፍንጫው የቀለለ ካራቫን ደግሞ መወዛወዝ ይወዳል። ከባድ መኪና በጎን ሲያልፍ ወይም ቁልቁለት ላይ ፍጥነት ሲጨምር ካራቫኑ ግራና ቀኝ መምታት ከጀመረ መሪውን ቀጥ አድርጎ ይዞ ነዳጁን መልቀቅ ነው። ፍሬን በኃይል መርገጥም ሆነ በመሪ እየተከተሉ ለማቃናት መሞከር ውዝዋዜውን ያባብሰዋል። ካራቫኑ ሲረጋ ወደ ማረፊያ ወጥቶ፣ በር ከፍቶ፣ ዕቃውን እንደገና ወደ መሀል ማምጣት።