ዩቶፒያ (የቪዲዮ ጨዋታ)

ዩቶፒያ ዶን ዳግሎው ያዘጋጀውና የማቴል ኩባንያ በ1982 እ.ኤ.አ. ለኢንተሊቪዥን ያወጣው የስልት ጨዋታ ነው። ሁለት ተጫዋቾች እያንዳንዳቸው አንድ ደሴት ያስተዳድራሉ፤ በ100 ጥፍጥፍ ወርቅ ጀምረው እርሻ፣ ቤት፣ ትምህርት ቤትና ፋብሪካ ይሠራሉ።

የዝናብ ደመና በእርሻ ላይ ሲያልፍ ገቢ ያስገኛል። አውሎ ነፋስ ግን ሰብልና ሕንጻ ያወድማል፣ ጀልባም ያሰጥማል። መንገዱ በአጋጣሚ ስለሚወሰን የሚያስቆመው የለም። ምሽግ ዓመፀኞችን፣ የጦር ጀልባ የባሕር ወንበዴዎችን ይከላከላል እንጂ ማዕበሉን አይመልስም።

እርሻ በ3 ወርቅ ይገኛል፣ ነገር ግን ከቦታው አይነቃነቅም። የዓሣ ጀልባ 25 ወርቅ ቢያስወጣም ተጫዋቹ ከማዕበሉ ሊያሸሸው ይችላል። ስለዚህ ምግብን በሁለቱም መንገድ ማግኘትና ለመልሶ ግንባታ ወርቅ ማስቀረት ይጠቅማል፤ ኑሮው የከፋ ሕዝብ ያምፃልና።