ያውቁ ኖሯል? ጥንቸል ልብሷን ስታወልቅ

ያውቁ ኖሯል? ግቢዎ ውስጥ የምትዘለው ጥንቸል በዓመት እስከ አራት ጊዜ ፀጉሯን ትቀይራለች! ሁለቱ ቀለል ይላሉ። ሁለቱ ግን ጉድ ናቸው! ምንጣፉ፣ ሶፋው፣ ነጠላዎ፣ የቡናው ረከቦት ሳይቀር ፀጉር ይለብሳል!

በሽታ መስሎዎት ደንግጠው ነበር? አይደንግጡ! ከሥር የሚበቅለው አዲስ ፀጉር ነው አሮጌውን ገፍቶ የሚያባርረው። ቆዳዋ ከቀላ፣ ከቆሰለ ወይም ሳይሸፈን ተራቁቶ ከቀረ ግን ነገሩ ሌላ ነው።

መርገፉ ብዙ ጊዜ ከራሷ ይጀምራል! ወደ አንገት፣ ወደ ትከሻ፣ ወደ ጀርባ ይወርድና ኋላዋ ላይ ያበቃል። አዲሱና አሮጌው ፀጉር በሚገናኙበት ቦታ ድንበር ይሰመራል፤ ግማሹ ታጭዶ ግማሹ የቀረ የጤፍ ማሳ ይመስላል! አንዷ በጥቂት ቀን ትገላገለዋለች፤ ሌላዋ ሳምንታት ትፈጅበታለች።

ይህን ሁሉ የሚያዘው ምን መሰልዎት? ብርሃን! ጥንቸሏ የቀኑን ርዝመት በዓይኗ እየለካች የምታወልቅበትን ጊዜ ትቆርጣለች። ለንደን ላይ የሰኔ ረጅም ቀን ከታኅሣሥ አጭር ቀን ከ8 ሰዓት በላይ ይበልጣል። አዳማ ላይ ግን ልዩነቱ አንድ ሰዓት ገደማ ብቻ ነው! የፈረንጅ መጽሐፍ የመርገፊያዋን ወር ቆርጦ ቢነግርዎት ብዙም አይመኑት፤ ጥንቸልዎ ያንን ቀን መቁጠሪያ አላየችውም!

የሰሜን አሜሪካዋ የበረዶ ጥንቸልማ ትብሳለች! ቀኑ ሲያጥር ቡናማ ፀጉሯን ጥላ ነጭ ትሆናለች። በረዶው ከዘገየ ደግሞ ነጭ ሆና ቡናማ መሬት ላይ ትቀራለች! አዳኝ ሁሉ ያያታል። ብርሃኑን እንጂ በረዶውን አትጠብቅማ!

የሚረግፈውን ፀጉር ለመልቀም ብሩሽ እንኳ ላያስፈልግዎት ይችላል! መዳፍዎን በውኃ እርጥብ ያድርጉና ወደ ጅራቷ ይደባብሷት፤ ፀጉሩ እየተጠቀለለ በእጅዎ ይመጣል። ገላዋን ግን አይጠቡ! ጥንቸል ውኃ ውስጥ ስትነከር በድንጋጤ ልትሞት ትችላለች።

በረንዳ ላይ ካበጠሯት ደግሞ ነፋሱን ይወቁበት! ከአዳማ ዳር የቆሙት 136 የነፋስ ተርባይኖች 204 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አላቸው፤ ያ ነፋስ አንድ እፍኝ የጥንቸል ፀጉር የት እንደሚያደርሰው እርስዎ ይገምቱ! እኔ በበኩሌ ጥቁር ሱሪ ለብሼ ጥንቸል አላቅፍም።

አሁን ዋናው ጉድ! ጥንቸል ማስመለስ አትችልም! ድመት የላሰችውን ፀጉር አንገቷን ዘርግታ ትተፋዋለች፤ ጥንቸል ግን የዋጠችው ሁሉ ያለው መውጫ አንድ ብቻ ነው። ቀኑን ሙሉ ራሷን ስትልስ የምትውል ፍጡር መሆኗን ያስታውሱ! አንጀቷ እስከሠራ ድረስ ፀጉሩ አብሮ ያልፋል። አንጀቷ ከቆመ ግን ፀጉሩ ከደረቀ ምግብ ጋር ተጋግሮ ጨጓራዋ ውስጥ ይቀራል።

መድኃኒቱስ? ሣር! ድርቆሽ ሣር ከፊቷ እንዳይጠፋ! ውኃም እንዲሁ። የሣሩ አሰር አንጀቷን እየገፋ ያስኬደዋል፤ ጥርሷንም ይሞርድላታል፤ የጥንቸል ጥርስ ዕድሜዋን ሙሉ ሲያድግ ይኖራልና! ካሮትማ ጣፋጭ ነገር ነው፤ ለዓመት በዓል ይሁን።

በጠጧን አይተው ያውቃሉ? በመርገፊያ ሰሞን አንዱ ፍሬ ከሌላው ጋር በፀጉር ተያይዞ ይወጣል፤ በክር የተሰካ ዶቃ ነው የሚመስለው! ብዙ ፀጉር እየዋጠች ነው ማለት ነው፤ ማበጠሩንም ድርቆሹንም ይጨምሩ።

ከዚህ የባሰም አለ! ጥንቸል ከዕውር አንጀቷ የሚወጣውን ለስላሳ በጠጥ መልሳ ትበላዋለች፤ ምግቡን ሁለቴ ታሳልፈዋለች ማለት ነው! ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ጥንቸልን ከሚያመሰኩት ይቆጥራትና ሰኮናዋ ስላልተሰነጠቀ ከማይበሉት ይመድባታል። እንደ ላም የሚያመሰኳ ጨጓራ ባይኖራትም የበላችውን ደግሞ መብላቷ ግን እውነት ነው!

ሆዷ ሥር ያለውን ፀጉር ራሷ በአፏ ስትነጭ ካዩ ቀኑን ይቁጠሩ! ልትወልድ ይሆናል፤ እርግዝናዋ 31 ቀን ገደማ ነው። የነጨችውን ለልጆቿ ታነጥፈዋለች፤ ዕርቃናቸውን፣ ዓይናቸው ተከድኖ ነው የሚወለዱት! የሚገርመው ሳታረግዝም ያረገዘች መስሏት ፀጉሯን ነጭታ ጎጆ የምትሠራ መኖሯ ነው!

በአዋሽ ፓርክ ቁጥቋጦ ውስጥ የምትሮጠዋ ጥንቸል ግን የእርስዎ ጥንቸል ዘመድ እንጂ ወገን አይደለችም! የእሷ ልጆች ፀጉር ለብሰው፣ ዓይናቸውን ገልጠው ነው የሚወለዱት! የቤቷ ጥንቸል የትውልድ አገሯ ስፔን አካባቢ ነው። የጥንት ፊንቄያውያን እዚያ ደርሰው ጥንቸል ሲያዩ ሽኮኮ መሰላቸውና አገሩን «የሽኮኮ ምድር» አሉት፤ ስፔን የሚለው ስም ከዚያ መጣ ይባላል! ሽኮኮ ደግሞ የዝሆን ዘመድ ነው፤ እሱን ለሌላ ቀን እናቆየው።

አንጎራ የምትባለዋ ጥንቸል ፀጉሯ በወር 2.5 ሳንቲ ሜትር ያህል ያድጋል! እንደ በግ ትሸለታለች። ክብረ ወሰኑን የያዘችው አንጎራ ፀጉሯ 36.5 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ከተማሪ ማስመሪያ ይረዝማል!

የአያትዎ ባርኔጣ ምናልባት ጥንቸል ነበረች! ከ1857 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራው የጣሊያኑ ቦርሳሊኖ ባርኔጣ የሚዳመጠው ከጥንቸል ፀጉር ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ባርኔጣ ሠሪዎች ፀጉሩን በሜርኩሪ ያለሰልሱት ነበር፤ እጃቸው ይንቀጠቀጥ፣ አእምሯቸውም ይቃወስ ነበር!

ፀጉሯ ላይ ያዩት ፎሮፎር ከተንቀሳቀሰ ዓይንዎ አላታለለዎትም! በፎሮፎሩ ሥር ጥቃቅን ተባዮች እየሄዱ ነው። ታዲያ ለውሻ ቁንጫ የገዙትን ፊፕሮኒል እንዳያፈሱባት! ለውሻ መድኃኒት፣ ለጥንቸል መርዝ ነው። በአፍ የሚሰጥ አሞክሲሲሊንም አንጀቷን አውኮ ሊገድላት ይችላል!

ጥንቸል አታልብም! ሙቀቷን የምታስወጣው በጆሮዎቿ ነው። የአዳማ ፀሐይ ሲከር ውኃ የሞላ ሃይላንድ በረዶ ያድርጉና በጨርቅ ጠቅልለው ጎኗ ያስቀምጡላት፤ ተደግፋው ትተኛለች!

ጥንቸልዎ ለ12 ሰዓታት ያህል ምንም ካልበላች፣ በጠጥም ካልጣለች፣ ነገ ይሻላታል ብለው አይጠብቁ! የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ያለው ቢሾፍቱ ነው፤ ከአዳማ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ! ካርቶኑን በድርቆሽ ይጎዝጉዙና ይነሱ።