የወፍ ማሳወቂያ መተግበሪያዎች፡ በካርቱም የትኛው ይበጃል?

ከጣና ሐይቅ የሚነሳው ጥቁር ዓባይ ከነጭ ዓባይ ጋር የሚገናኘው በሱዳን መዲና ካርቱም፣ ሞግራን በተባለው ሥፍራ ነው። የወንዞቹ ዳርቻ፣ የቱቲ ደሴት እርሻዎች፣ የሱኑት የግራር ደን እንዲሁም በስተደቡብ ያለው የጀበል አውሊያ ግድብ የአውሮፓንና የእስያን ብርድ ሸሽተው ለሚመጡ አእዋፍ ማረፊያ ሆነው ኖረዋል።

ወፍ ለማየት ወደ እንዲህ ዓይነት ሥፍራ የሚጓዝ ሰው ምን፣ የትና መቼ እንደታየ አስቀድሞ ማወቅ ይሻል። ይህን በስልክ የሚያደርሱ መተግበሪያዎች ጥቂት አይደሉም። ሚያዝያ 7/2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርና በፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ (አርኤስኤፍ) መካከል ጦርነት ከተቀሰቀሰ ወዲህ ግን ምርጫው የምቾት ብቻ ሳይሆን የደኅንነትም ጉዳይ ሆኗል።

ማሳወቂያው እንዴት ይሠራል?

መተግበሪያው ራሱ ወፍ አያይም። አንድ ተመልካች ያየውን ዝርያ፣ ቁጥሩን፣ ሰዓቱንና ቦታውን ይመዘግባል። ሥርዓቱ መዝገቡን በአካባቢው ከተለመዱት ዝርያዎች ጋር ያነጻጽራል፤ ወፉ እምብዛም የማይታይ ከሆነ ለተመዝጋቢዎች መልዕክት ይልካል።

በዓለም በስፋት ከሚታወቁት አንዱ እአአ በ2002 በአሜሪካው የኮርኔል የአእዋፍ ጥናት ተቋምና በብሔራዊ ኦዱቦን ማኅበር የተጀመረው ኢበርድ ነው። ተጠቃሚው ስለ ብርቅ ወፎች፣ ወይም በመረጠው አካባቢ እርሱ ራሱ አይቷቸው ስለማያውቅ ዝርያዎች በየሰዓቱ አልያም በየዕለቱ በኢሜይል እንዲነገረው መምረጥ ይችላል። አገልግሎቱ ነጻ ነው። በብሪታኒያ ደግሞ እንደ በርድጋይድስ ያሉ አገልግሎቶች ለከፋይ ደንበኞች ዜናውን ወዲያውኑ ስልካቸው ላይ ያደርሳሉ።

ዝምታው ምን ማለት ነው?

እንዲህ ያለው ፍጥነት የሚጠቅመው ብዙ መዝጋቢ ባለበት አገር ነው። በለንደን ማሳወቂያ ከጠፋ ብርቅ ወፍ አልታየም ማለት ሊሆን ይችላል። ነዋሪዎቿ በገፍ በተሰደዱባት ካርቱም ግን የማሳወቂያ መጥፋት ወፎቹ አልመጡም ማለት አይደለም፤ የሚመዘግብ ሰው የለም ማለት ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ለጦርነት ቀጣና መተግበሪያ የሚመርጥ ሰው ከፍጥነቱ በፊት ሁለት ጥያቄዎችን ማንሳት ይኖርበታል። ያለ ኢንተርኔት ይሠራል? ቦታዬን ለማንና መቼ ይገልጣል?

ኔትወርክ ሲቋረጥ

በጥር 2016 ዓ.ም. መጨረሻ የሱዳን ዋና ዋና የቴሌኮም አገልግሎቶች ተቋርጠው ሚሊዮኖች ከዓለም ተለይተው ነበር። በእንዲህ ያለ ጊዜ ከኢንተርኔት ጋር ካልተገናኘ የማይከፈት መተግበሪያ ፋይዳ የለውም።

የኢበርድ የስልክ መተግበሪያ የአገሩ የወፎች ዝርዝር አስቀድሞ ከወረደለት ያለ ኔትወርክ ይመዘግባል፤ መረጃውን የሚልከው በኋላ ግንኙነት ሲገኝ ነው። የዚያው ተቋም ውጤት የሆነው መርሊንም የአካባቢው ጥቅል ከተጫነለት ያለ ኢንተርኔት ወፍ ለመለየት ያግዛል። የእርሱ ተግባር ግን ዝርያን መለየት እንጂ ማሳወቂያ መላክ አይደለም።

ቦታን መደበቅ

ሁለተኛው ጥያቄ ይበልጥ ያሳስባል። እአአ በ2012 መጨረሻ በዳርፉር የተያዘ አንድ ጥንብ አንሳ የእስራኤል መለያና የጂፒኤስ መሣሪያ ስለተገኘበት በስለላ ተጠርጥሮ ነበር። የእስራኤል ባለሙያዎች መሣሪያው የወፉን ጉዞ ለማጥናት የተገጠመ መሆኑን አስረድተዋል። ወፍ በዚህ ከተጠረጠረ፣ አጉሊ መነጽር አንግቶ በወንዝ ዳር የሚዞር ሰው ምን ሊገጥመው እንደሚችል መገመት አይከብድም። በሱዳን ከጦርነቱ በፊትም ፎቶ ለማንሳት ፈቃድ ይጠየቅ፣ ድልድዮችንና ወታደራዊ ሥፍራዎችን ማንሳትም ይከለከል ነበር። በጦርነቱ ወቅት ደግሞ በፍተሻ ኬላዎች ስልክ መበርበር የተለመደ ሆኗል።

የተጠቃሚውን የእግር ጉዞ በካርታ ላይ የሚያሰፍር መተግበሪያ በዚህ ሁኔታ አደጋ ሊያስከትል ይችላል። በኢበርድ ይህን የጉዞ መስመር መቅረጽ ማቆም፣ መዝገብን ከሕዝብ ዕይታ መሰወርና ስምን አለመግለጥ ይቻላል። ሌላው ነጻ መተግበሪያ አይናቹራሊስት ተጠቃሚው ትክክለኛ ቦታውን እንዲያደበዝዝ ወይም ጨርሶ እንዲደብቅ ይፈቅዳል።

ጥንቃቄው ለወፉም ነው። ማሳወቂያውን አጥማጅም ሊያነበው ይችላልና ኢበርድ ለአደጋ የተጋለጡ አንዳንድ ዝርያዎችን ትክክለኛ ቦታ አይገልጥም።

ታዲያ የትኛው?

ለካርቱም የሚበጀው ፈጣኑ ሳይሆን መታገስ የሚችለው ነው፤ ያለ ኔትወርክ የሚመዘግብ፣ ቦታን የሚሰውር፣ መረጃውንም ተመልካቹ ሥፍራውን ለቅቆ ከሄደ በኋላ የሚቀበል። ይህ ሁሉ ቢሟላም መተግበሪያ የተበረበረ ስልክን ከጥርጣሬ አያድንም፤ ኬላ ባለበት መንገድ ስልኩን ቤት ትቶ መውጣት የተሻለ የሚሆንበት ጊዜ አለ።

የዘገየ መዝገብ ለዕለቱ ተጓዥ ላይጠቅም ይችላል፤ ዋጋ ግን አያጣም። የካርቱም ዩኒቨርሲቲ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም በጦርነቱ ክፉኛ ተጎድቷል፤ በውስጡ የነበሩ እንስሳትም አልቀዋል። ኢበርድ የቆዩ ምልከታዎችንም ከነቀናቸው ይቀበላል። ካርቱምን ለቅቆ የወጣ ሰው ደብተር ይዞ ከሆነ፣ ከዓመታት በፊት በሞግራን ያያቸውን ወፎች ዛሬ ካይሮ ወይም አዲስ አበባ ተቀምጦ ማስመዝገብ ይችላል።